ጎልፍ የጨዋ ጨዋታ ነውን?

በናይሮቢ የሮያል ናይሮቢ ጎልፍ ክለብ ሜዳና የኪቤራ መንደር ጎረቤታሞች ናቸው። በአጥሩ በአንድ በኩል እንደ ምንጣፍ የተስተካከለ ሣር፣ በሌላው በኩል ጣራ ከጣራ የተያያዘ የቆርቆሮ ቤት ይታያል። በዚያ በኩል ስናልፍ ልጆቻችን «ይህ ሁሉ ሜዳ ለአራት ሰው ብቻ ነው?» ብለው ይጠይቁናል። ጎልፍ የጨዋ ሰው ጨዋታ ነው ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። አባባሉ ምን ያህል እውነት ነው? መልሱን ከታሪኩ እንፈልግ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጎልፍ ዛሬ በምናውቀው መልኩ ያደገው በስኮትላንድ ነው። ስሙ በጥንታዊ ሰነድ ላይ የሚገኘው ግን ተመስግኖ ሳይሆን ተከልክሎ ነው። በ1457 የስኮትላንድ ፓርላማ ወንዶች የቀስት ልምምዳቸውን እየተዉ በእግር ኳስና በጎልፍ ጊዜ እንዳያባክኑ አወጀ። በ1744 ደግሞ በኤዲንብራ አጠገብ በምትገኘው በሊዝ ራሳቸውን «የሊዝ ጨዋ ጎልፍ ተጫዋቾች» ብለው የሚጠሩ ሰዎች ለብር ዱላ ሽልማት ለመወዳደር 13 ደንቦች ጻፉ። በዚያ ውድድር ያሸነፈው ጆን ራትሬይ የተባለ ሐኪም ነበር። ደንቦቹ ኳስ ውኃ ውስጥ ሲገባ ወይም ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ይናገራሉ እንጂ ስለ መልካም ጠባይ የተለየ ምዕራፍ የላቸውም። ተጫዋቾቹ በአንድ ማዕድ የሚቀመጡ፣ እርስ በርስ የሚተዋወቁ ሰዎች ስለነበሩ ጨዋነታቸውን በጽሑፍ ማስፈር አላስፈለጋቸውም ቢባል ስሕተት አይሆንም። የሥነ ምግባር ምዕራፍ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ በ2019 በተሻሻለው ደንብ ደግሞ የተጫዋች ጠባይ ከመጀመሪያው ደንብ ውስጥ ገብቷል።

ይህ ሥነ ምግባር እንዲያው የወሬ ጌጥ አይደለም። ሌላው ሲመታ ዝም ይባላል፤ በዱላ የተፈነቀለ ሣር ወደ ቦታው ይመለሳል፤ በአሸዋው ላይ የቀረ የእግር ዱካ ይስተካከላል፤ ቀርፋፋው ቡድን ለፈጣኑ መንገድ ይለቃል። ከሁሉም በላይ እንደ እግር ኳስ ፊሽካ ይዞ ከተጫዋቹ ኋላ የሚሮጥ ዳኛ የለም። ተጫዋቹ ጥፋቱን ራሱ ተናግሮ ራሱን ይቀጣል።

ለዚህ ሁለት ምስክሮች እንጥራ። በ1925 በአሜሪካ ብሔራዊ ሻምፒዮና ቦቢ ጆንስ ሊመታ ሲዘጋጅ ኳሷ በሣሩ ውስጥ ጥቂት ተንቀሳቀሰች። ከእርሱ በቀር ያየ ሰው አልነበረም። እርሱ ግን በራሱ ላይ የአንድ ምት ቅጣት አስቆጠረ። በውድድሩ መጨረሻ ከዊሊ ማክፋርሌን ጋር እኩል ወጣ፤ በመለያው ጨዋታም በአንድ ምት ተሸነፈ። ሰዎች ሲያመሰግኑት ባንክ ባለመዝረፉ የሚመሰገን ሰው አለን የሚል መንፈስ ያለው መልስ እንደሰጠ ይነገራል። በ1969 ደግሞ አሜሪካና ብሪታንያ ለራይደር ዋንጫ ሲጋጠሙ የመጨረሻው ጨዋታ በመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ደረሰ። ጃክ ኒክላውስ የቶኒ ጃክሊን ኳስ ከጉድጓዱ ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ሳለች «ገብቷል» ብሎ ለቀቀለት። ውጤቱ 16 ለ16 ሆነ። ከራሱ ወገን ቅር ያላቸው ነበሩ፤ ዛሬ ግን ያ ጨዋታ የሚታወሰው በዚያች ኳስ ነው።

እንግዲህ በሜዳው ላይ ለቆሙት ሰዎች ጨዋነቱ እውነት ነው። ታሪኩ የሚጨልመው ወደ በሩ ዞር ስንል ነው። ያ ራስን የመቅጣት ልማድ በተከበረበት በአሜሪካ፣ የባለሙያ ጎልፍ ተጫዋቾች ማኅበር ከ1934 እስከ 1961 አባልነትን ለነጮች ብቻ የሚፈቅድ አንቀጽ ነበረው። የታወቀው የኦገስታ ብሔራዊ ክለብ የመጀመሪያውን ጥቁር አባል የተቀበለው በ1990፣ የመጀመሪያዎቹን ሴቶች ደግሞ በ2012 ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የደቡብ አፍሪካው የፓፕዋ ሰውጎለም ታሪክ ነው። የሕንድ ዝርያ ያለው ይህ ሰው በልጅነቱ በደርባን ዱላ ተሸካሚ፣ ማለትም ካዲ ነበር። ጨዋታውን ያለ አስተማሪ ስለተማረ ዱላውን የሚይዘው እጆቹን አገለባብጦ ነው። በ1959 በኔዘርላንድ ሻምፒዮና አሸነፈ። በ1963 በአገሩ የናታልን ሻምፒዮና ሲያሸንፍ ግን በአፓርታይድ ሥርዓት ምክንያት ወደ ክለቡ ቤት መግባት አልቻለም። ነጮቹ በውስጥ ተቀምጠው፣ አሸናፊው ዋንጫውን ደጅ ዝናብ ላይ ቆሞ ተቀበለ። በ1965 ስመ ጥሩውን ጋሪ ፕሌየርን ረትቶ በድጋሚ አሸነፈ፤ ከዚያም መንግሥት ከውድድር አገደው። በዚያ ዝናባማ ቀን በአዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሌላው ሲመታ ዝም ማለትን፣ አሸዋ ማስተካከልን በሚገባ ያውቁ ነበር።

ወደ ምሥራቅ አፍሪካም ስንመጣ ነገሩ ከዚህ ብዙም አይርቅም። የናይሮቢ ጎልፍ ክለብ የተመሠረተው በ1906 ነው፤ ባቡር ናይሮቢ ከደረሰ ሰባት ዓመት ብቻ ሆኖት ነበር። በቅኝ ግዛት ዘመን አፍሪካዊ ወደ እንዲህ ያለ ክለብ የሚገባው ዱላ ሊሸከም፣ ሣር ሊያጭድ ወይም መጠጥ ሊያቀርብ ነበር። በሩ ለአባልነት የተከፈተው በ1963 ከመጣው ነፃነት ጋር ተያይዞ ነው። በአዲስ አበባም የእንግሊዝ ኤምባሲን ረጅም አጥር ከውጭ የምናውቅ ብዙ ነን፤ በውስጡ ባለ 9 ጉድጓድ የጎልፍ ሜዳ መሠራቱን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

በር ሲከፈት ምን እንደሚገኝ ደግሞ ይህችው ናይሮቢ አይታለች። በ1967 በተጀመረው የኬንያ ኦፕን ውድድር በ1978 ያሸነፈው ስፔናዊው ሴቬ ባልስቴሮስ ነበር። እርሱም በልጅነቱ በመንደሩ ክለብ ካዲ ነበር፤ በሜዳው መጫወት ስለማይፈቀድለት በባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ በአንድ ዱላ ይለማመድ ነበር።

በእኛ ቋንቋ «ጨዋ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። «የጨዋ ልጅ» ስንል ትውልድን እንቆጥራለን፤ «ጨዋ ሰው» ስንል ጠባይን እንመለከታለን። የጎልፍ ታሪክ የእነዚህ ሁለት ፊቶች ትግል ነው። የእኛን የገና ጨዋታ ከአጠገቡ ብናቆመው ልዩነቱ ይታያል። ገና ሻካራ ነው፤ እሩሯ ስትከንፍ ቁርጭምጭሚት ያማል፣ ጩኸቱም ለጉድ ነው። ሆኖም በዚያ ቀን ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ይሰለፋሉ፤ ሎሌው ቢመታው ጌታው አይቆጣም። በማግስቱ ሎሌው ወደ ሎሌነቱ ይመለስ እንደነበር መካድ አይቻልም። ቢሆንም ሜዳው አጥር አልነበረውም።

ስለዚህ ለልጆቻችን ጥያቄ መልሳችን እንዲህ ቢሆን መልካም ነው፦ ጎልፍ ጨዋነትን ያስተምራል፤ ተማሩት። ሰው ሳያያችሁ ጥፋታችሁን መናገርን ከቦቢ ጆንስ ውሰዱ። ነገር ግን የአንድ ማኅበር ጨዋነት የሚለካው በአዳራሹ ውስጥ በሚደረገው ሰላምታ ብቻ ሳይሆን በደጅ የቆመውን ሰው በሚቀበልበት መንገድ ነው።

ይህ ለእኛም ነው። ብዙዎቻችን ወደዚህ አገር ስንመጣ ደጅ ቆመን ነበር፤ የገባነው ሰው ስለከፈተልን ነው። ዛሬ በኢዮቤልዩ በዓላችን ነጭ ለብሰን፣ ቡና አፍልተን፣ እርስ በርስ «ኖር» ስንባባል፣ ትናንት በአውቶቡስ የገባው፣ ወረቀቱ ያላለቀለት፣ የአባልነት መዋጮውን መክፈል የማይችለው ወገናችን የት እንደቆመ እንመልከት። ዝናብ ላይ ከሆነ እናስገባው።

መልካም የኢዮቤልዩ በዓል!