የካልሲ ኳስ ዋጋው ስንት ነበር?

«ድሮ የልጆች ስፖርት ነፃ ነበር» ሲባል እሰማለሁ። ታሪኩን ወደኋላ ሄጄ ሳየው ግን ነፃ የነበረበትን ዘመን አላገኘሁም። የተቀየረው ወጪው የሚከፈልበት መንገድ ነው።

ቅዱስ ጊዮርጊስን በ1928 ዓ.ም. የመሠረቱት የአራዳ ወጣቶች ናቸው። በ1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ሲያነሳ፣ መንግሥቱ ወርቁን መሆን ያላማረው የሰፈር ልጅ ነበር ለማለት ይከብዳል። ለዚህ ምኞት ቤተሰብ ገንዘብ አያወጣም። ኳሱ ጨርቅ የተጠቀጠቀበት አሮጌ ካልሲ ነው፣ ጎሉ ሁለት ድንጋይ፣ ሜዳው ደግሞ ማንም ያላጠረው ባዶ ቦታ።

ቤተሰብ የሚከፍለው በጉልበት ነበር። ልጅ ውሃ ይቀዳል፣ ከብት ይጠብቃል፣ ሱቅ ይላካል። ኳስ ሲያሳድድ የዋለ ልጅ ማታ አርጩሜ የሚጠብቀው ለዚህ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አሰላ አካባቢ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር። ደብተር ታቅፎ የሮጠበት ግራ ክንዱ ትልቅ አትሌት ሆኖም እንደታጠፈ ቀረ። ልምምዱ የትምህርት ቤት መንገዱ ነበር፤ ማንም አልከፈለበትም።

ዛሬስ? ባዶው ቦታ ሕንፃና ኮንዶሚኒየም ሆኗል። ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች በመኖሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ስለሚያስተምሩ ተማሪ የሚሮጥበት ሜዳ የላቸውም። ጃን ሜዳ እንኳ በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ሰበብ አትክልት ተራ ሆኖ ከርሟል። ስለዚህ አቅም ያለው ወላጅ ሜዳውን ይገዛል፦ በሰዓት የሚከራይ ሰው ሠራሽ ሣር፣ ወርሃዊ ክፍያ፣ ታኬታ፣ ማሊያ፣ ትራንስፖርት።

ገንዘብ ሲገባ ጨዋታውም ይቀየራል። የከፈለ ወላጅ «ልጄ ለምን አልተሰለፈም?» ይላል፤ እውነቱን ነው። ያልከፈለው ልጅ ግን አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያያል። በካልሲው ዘመን ቢያንስ ጎበዙና ሰነፉ፣ የሀብታሙና የድሃው ልጅ አንድ ሜዳ ላይ ይገናኙ ነበር።

ዛሬም በየሰፈሩ በትንሽ ክፍያ፣ አንዳንዴም በነፃ፣ «ፕሮጀክት» የሚያሠለጥኑ ሰዎች አሉ። ኮኑንና ኳሱን ከኪሳቸው ይገዛሉ። ሜዳ ግን ከኪስ አይገዛም። እና ሰፈራችሁ ውስጥ የቀረች ባዶ ቦታ ካለች፣ ከመታጠሯ በፊት ወረዳው ምን ሊያደርጋት እንዳሰበ ሄዳችሁ ጠይቁ።