ፋይልን በስሙ መጥራት

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። በኮምፒዩተር ዘመን መባቻ ግን የሰነድን ስም የሚወስነው የመሣሪያው ሕግ ነበር። በዶስ ሥርዓት የፋይል ስም ከነጥቡ በፊት ከ8፣ ከነጥቡ በኋላ ከ3 ምልክት እንዳይበልጥ ተደንግጎ ስለነበር፣ በላቲን ሲጻፍ 8 ፊደል የሚፈጀው ቢሾፍቱ ሲበቃው፣ 10 የሚፈጀው ሻሸመኔ ተቆርጦ መግባት ነበረበት።

በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው ዊንዶውስ 3.1 ለፕሮግራሞች ሁሉ የሚያገለግል አንድ የጋራ የፋይል መክፈቻ መስኮት አቀረበ። ይሁንና እንዲህ ያሉት መስኮቶች ጠባብና ዝንጉ ነበሩ። ይህን ጉድለት ለመሙላት ጥቃቅን ተጨማሪ ፕሮግራሞች ተፈለሰፉ። በማኪንቶሽ ላይ የታወቁት ሱፐር ቡሜራንግና ዲፎልት ፎልደር በፕሮግራሙና በሥርዓቱ መካከል ገብተው፣ ሠራተኛው በቅርቡ የከፈታቸውን ፋይሎችና ፎልደሮች እዚያው መስኮቱ ላይ ይዘረዝሩለት ነበር።

አማርኛም ወደ ኮምፒዩተር የገባው በተጨማሪ ፕሮግራም ነው። በ1980ዎቹ ፍሥሐ አጥላው በአሜሪካ ካዘጋጁት ሞድኤት በኋላ፣ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በየመሥሪያ ቤቱ ተሠራጩ። በአንድ ባይት ያለው ቦታ 256 ብቻ ሲሆን፣ 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ። ስለዚህ በዊንዶውስ ላይ የአማርኛ ቅርጾች በላቲን ፊደላት ቦታ ተተክተው፣ በልዩ ፎንት አማካይነት ይታዩ ነበር። የፋይል መስኮቱ ግን የሥርዓቱን ፎንት እንጂ የጸሐፊውን አይጠቀምም። በአማርኛ የተጻፈ ስም በዚያ መስኮት ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ሆኖ ስለሚታይ፣ ደብዳቤው በአማርኛ፣ ስሙ ግን በላቲን መጻፉ ግድ ሆነ።

በአዳማና በስምጥ ሸለቆው ከተሞች ችግሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ከ1991 እ.ኤ.አ. ወዲህ አፋን ኦሮሞ በቁቤ ሲጻፍ ስሙ በሥርዓተ ጽሕፈቱ ይገባል፤ የአማርኛው ሰነድ ግን እንደየጸሐፊው ግምት ይሰየማል። በ2000 እ.ኤ.አ. ናዝሬት በይፋ ወደ አዳማነት ተመለሰች። ደብረ ዘይትም ቢሾፍቱ፣ ዝዋይም ባቱ ተብለዋል። ስለሆነም የአንዲት ከተማ ሰነዶች በአንድ ፎልደር ውስጥ በሁለት ስም፣ በሦስት አጻጻፍ ተበታትነው ሊገኙ ይችላሉ። የትናንቱን ፋይል የሚያስታውስ ተጨማሪ ፕሮግራም የዛሬ ሃያ ዓመቱን አያስታውስም።

መሠረታዊው መፍትሔ የመጣው ከስታንዳርድ ነው። በመስከረም 1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያን ፊደል 345 ምልክቶች በመዝገቡ አካተተ። በ2007 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ መጻፊያ ይዞ መጣ። «ደብዳቤ» የሚለው ቃል በፋይል መስኮቱ ላይ በራሱ ፊደል ለመነበብ በቃ። የቅርብ ፋይሎች ዝርዝርም ከጊዜ በኋላ የሥርዓቶቹ አካል ሆነ። ጥቃቅኖቹ ፕሮግራሞች የጎደለውን አሳይተዋል፤ መሠረቱ ሲሟላ ድርሻቸው ቀንሷል።

የቀድሞዎቹ ፋይሎች ግን ስማቸውን በራሳቸው አይለውጡም። ተቆርጦ የቀረውን ስም የሚፈታው ያኔ የሰየመው ሠራተኛ ነው፤ እርሱም አንድ ቀን በጡረታ ይሰናበታል። በየመሥሪያ ቤቱ ያለው ባለሙያ አሮጌውን ማኅደር በሚነበብ ስም ሊያድሰው የሚገባው ይህ ሰው በወንበሩ ሳለ ነው።