ስለ ፈተናና ስለ ተማሪ ብቸኝነት

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ በሰበታ፥ ወደ አምቦ የሚወስደው በቡራዩ፥ ወደ ጎጃም የሚወስደው ደግሞ እንጦጦን ተሻግሮ በሱሉልታ ያልፋል። እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋራ ሸገር በተባለው ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። በመንገዶቻቸው ሲመላለስ የኖረው ነጋዴና ገበሬ ብቻ አይደለም፤ ተማሪም ነው። የጎጃሙ የቅኔ ተማሪ አኰፋዳውን አንግቶ በሱሉልታ ሜዳ ወደ መናገሻው ይወርድ ነበር። ዛሬ ደግሞ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ልብሱን በሻንጣ ይዞ፥ ለፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ይጓዛል። ሁለቱም ከእናታቸው ቤት የወጡ ናቸው፤ ነገር ግን የብቸኝነታቸው ዐይነት አንድ አይደለም። ልዩነቱን ለመረዳት ነገሩን ከሥሩ መመልከት ያሻል።

የቀደመው ተማሪ መከራ ቀላል አልነበረም። በልጅነቱ ከወላጆቹ ተለይቶ፥ ለምዱን ለብሶ፥ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ በየደጁ ቍራሽ ሲለምን የመንደር ውሻ ያባርረው፥ ብርድም ይመታው ነበር። በቅኔ ቤት ያለው ተማሪ ቀኑን ከባልንጀሮቹ ፈንጠር ብሎ፥ ከዛፍ ጥላ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ሲቈጥር ይውላል። ፉክክርም ነበረ። ከጓደኛው ላለማነስ ብሎ፥ አእምሮን ይከፍታል የተባለውን አብሾ ጠጥቶ አእምሮው ስለ ታወከበት ተማሪ በየጉባኤ ቤቱ ሲነገር ኖሯል። እንግዲህ የትምህርት ጭንቀት ከዘመናዊ ትምህርት ቤት ጋራ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ ተማሪው ቀን ብቻውን የቈጠረውን ቅኔ ሲመሽ ይዞ የሚቀርበው ወደ መምህሩና ወደ ጓደኞቹ ነው። ጉባኤ ቃናው ቢበላሽ መምህሩ እዚያው ያቃናለታል፤ ነገም ሌላ ይቈጥራል። ትልቁ ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል፤ የተለመነው ቍራሽም ተሰብስቦ በአንድነት ይበላል። ድጓ የተማረው ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ እስኪያስመሰክር ድረስ የተቈረጠ ቀን የለውም፤ አንዱ ፈጥኖ፥ ሌላው ብዙ ዓመት ቈይቶ ይፈጽማል። የቈየው ዘገየ ይባላል እንጂ ወደቀ አይባልም።

ወደቀ የሚለው ቃል በተማሪ ላይ የበረታው በኋለኛው ዘመን ነው። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1908 የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፥ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት፥ የተማረ ሰው ጥቂት ስለ ነበረ መንግሥት ተማሪውን ይፈልገው ነበር እንጂ ተማሪው ሥራ ፍለጋ ብዙ አይደክምም። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን ጀመረ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም በመጀመሪያ የለንደን ዩኒቨርሲቲን ፈተና፥ ኋላም አገሪቱ ራሷ ያዘጋጀችውን የመልቀቂያ ፈተና ይቀመጡ ጀመር። ሕዝቡ ይህን ፈተና ማትሪክ ብሎ ጠራው። የፈተናው ስምና ሥርዐት ብዙ ጊዜ ቢለወጥም፥ ማትሪክ የሚለው ቃል በየቤቱ የተስፋና የሥጋት ቃል ሆኖ ቀረ። በዚህም ጊዜ የዐሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት በጥቂት ቀን የሚመዘን ሆነ።

ይህን ሸክም ከሁሉ ቀድመው የተሸከሙት የምሥራቅ እስያ ሕዝቦች ናቸው። በቻይና ከስድስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻና ከሰባተኛው መባቻ አንሥቶ እስከ 1905 ድረስ፥ ለመንግሥት ሹመት የሚያበቃው ዋናው በር ፈተና ነበረ። በናንጂንግ ከተማ የነበረው የፈተና ሰፈር ከ20 ሺህ በላይ ጠባብ ክፍሎች ነበሩት። ተፈታኙ በበሩ ላይ የተደበቀ ጽሑፍ እንዳይዝ ይፈተሻል። ከገባም በኋላ ሁለት ሳንቃ ብቻ ባለው ክፍል ይቀመጣል፤ ቀን አንዱ መቀመጫ፥ ሌላው መጻፊያ ይሆኑታል፤ ሌሊትም ሁለቱን አጋጥሞ ይተኛባቸዋል። የድኻው ልጅ በዚህ በር ወደ ሹመት ሊገባ መቻሉ ታላቅ ነገር ነበረ። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ ጠጕሩ እስኪሸብት ድረስ እየተመላለሰ የሚፈተን ሰው ብዙ ነበረና።

ሆንግ ሺውቿን የተባለው የመንደር መምህር አራት ጊዜ ተፈትኖ አራቱንም ወደቀ። ከሦስተኛው ውድቀት በኋላ በጽኑ ታሞ ተኛ፤ በሕመሙም ጊዜ ራእይ አየሁ አለ። ኋላም ራሱን የኢየሱስ ክርስቶስ ታናሽ ወንድም ብሎ ሠራዊት ሰበሰበ። ከ1850 እስከ 1864 በቈየው በዚህ ጦርነት ከ20 ሚሊዮን የማያንስ ሕዝብ እንዳለቀ ይገመታል። ጦርነቱን ያመጣው የአንድ ሰው መውደቅ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ረኀቡም፥ የመንግሥቱ መድከምም ነበረበት። ቢሆንም ለወደቀው ሰው ሌላ በር ያላበጀ አገር ምን እንደሚያሳድግ ታሪኩ ያስረዳል።

ያ ሥርዐት ቢሻርም ልማዱ አልተሻረም። ቻይና ለዐሥራ አንድ ዓመት ያህል ዘግታው የነበረውን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በ1977 ስትመልሰው 5.7 ሚሊዮን ያህል ሰው ተፈተነ፤ የተቀበለችው ግን ወደ 273 ሺህ ብቻ ነው። በደቡብ ኮርያ በፈተናው ቀን የእንግሊዝኛ ማዳመጫው በሚሰጥበት ሰዓት አይሮፕላኖች እንዳይነሡና እንዳያርፉ ይከለከላል። ጃፓኖችም የዝግጅቱን ዘመን የፈተና ገሃነም ብለው ሰይመውታል። በዚያ ያለው ተማሪ ከመደበኛው ትምህርት በኋላ ወደ ማስጠኛ ቤት ሄዶ ሌሊት ይመለሳል። ወንበሩ የተቈጠረ ስለ ሆነ በአጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው ባለጋራው ይሆንበታል፤ የብቸኝነቱም ሥር ይህ ነው።

በኢትዮጵያ ነገሩ በሌላ መንገድ መጣ። በ2008 ዓ.ም. ግንቦት የመግቢያው ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ በኢንተርኔት ስለ ተሠራጨ ተሰረዘና እንደ ገና በሌላ ፈተና ተተካ። ከዚያ ወዲህም ስርቆትና ኩረጃ ፈተናውን አቀለሉት። ስለዚህ የ2014 የትምህርት ዘመን ፈተና በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሲሰጥ፥ ተማሪዎቹ በትምህርት ቤታቸው መፈተናቸው ቀርቶ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተወሰዱ። በበሩ ላይ እየተፈተሹ፥ ስልካቸውንም ትተው ገቡ፤ ፈተናው እስኪያልቅም በዚያው አደሩ። የናንጂንግን ታሪክ ላነበበ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ውጤቱ በጥር 2015 ሲነገር አገር ደነገጠ። ከተፈተኑት ወደ 897 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይህም ከመቶ 3.3 ነው። በተከታዩ ዓመት ከመቶ 3.2፥ በ2016 ከመቶ 5.4፥ በ2017 ደግሞ ከመቶ 8.4 ሆነ። ስለዚህም በ2014ቱ ፈተና ከመቶ ተማሪዎች ዘጠና ሰባት የሚያህሉት ወደቁ ተባሉ። ይህን ያህል ልጅ በአንድ ጊዜ ሰነፈ ማለት እውነት አይሆንም። አንደኛ ደረጃን በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ተምሮ በእንግሊዝኛ የሚፈተን ልጅ አለ፤ መጽሐፍና መምህር ያላገኘ፥ በጦርነትም ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት አለ። የተመዘነው ትምህርቱ ጭምር ሆኖ ሳለ ኀፍረቱን የተሸከመው ልጁ ብቻ ሆነ።

ከዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማስተዋል ይገባል። በቻይና በ1977 የተወሰነው የወንበሩ ቍጥር ነበረ፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይቀራል። በኢትዮጵያ በእነዚህ ዓመታት የተወሰነው ግን ነጥቡ ነው። የሱሉልታው ልጅ ግማሹን ነጥብ ቢያገኝ ከቡራዩው ልጅ የሚቀንስበት የለም። ዩኒቨርሲቲና የትምህርት ክፍል ሲመረጥ መወዳደር አለ፤ ዋናው በር ግን ለሁለቱም በአንድነት ሊከፈት ይችላል። ስለዚህ የኢትዮጵያን ተማሪ በጓደኛው ላይ ባለጋራ የሚያደርገው የፈተናው ሕግ አይደለም፤ የጎረቤት ሐሜት፥ የወላጅ ማነጻጸር፥ ውጤት በወጣ ቀን ከቤት ወደ ቤት የሚዞረው ጥያቄ ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደ ተባለው፥ ያልበቃው ልጅ በደጁ ማለፍ የሚያፍረው በዚህ ምክንያት ነው።

ፈተናውን ማላላት መድኀኒት አይሆንም። የተሰረቀ ፈተና ከሁሉ አስቀድሞ የሚጐዳው ገንዘብና ዘመድ የሌለውን ልጅ ነው፤ ለእርሱ ከፈተና ሌላ ምስክር የለውምና። ነገር ግን በወረቀቱ ፊት ብቻ መቀመጥ ግድ ቢሆን፥ ብቻ ማጥናትና ብቻ ማፈር ግድ አይደለም። ጥቂት ነጥብ የጐደለባቸው ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ ማካካሻ ትምህርት ወስደው እንደ ገና እንዲመዘኑ መደረጉ፥ ዘገየ እንጂ ወደቀ አይባልም የሚለውን የጉባኤ ቤት አሳብ በከፊል የመለሰ ነው። በሰበታ ያለው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤትም ዐይነ ስውራን ልጆችን ከየአገሩ ተቀብሎ በአንድነት እያሳደረ ሲያስተምር ኖሯል፤ ተደጋግፎ መማር በእነዚህ ከተሞች እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ይህ ይመሰክራል።

ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይላል የአገር ምሳሌ። ያ የቆሎ ተማሪ ቍራሹን ከባልንጀሮቹ ጋራ የበላው ስለ ተረፈው አልነበረም፤ ብቻውን ረጅሙን የትምህርት መንገድ እንደማይፈጽመው ስላወቀ ነው። የዛሬው ተማሪ በፈተናው ግቢ በር ሲገባ ጓደኛውንም ወላጁንም ወደ ኋላ ትቶ ይገባል። ሲወጣ ግን፥ ውጤቱ ምንም ቢሆን፥ በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ መንገድ ላይ ወጥቶ የሚቀበለው ሰው ያስፈልገዋል።