ፖላሪቲና ፌዝ፦ በቤት ድምፅ መሣሪያ የሚምታቱ ሁለት ጉዳዮች

በድሬዳዋ ታይዋን ገበያ የተገዛ ስፒከር ቤት ገብቶ ሲገጠም «ቤዝ የለውም» ከተባለ፣ መጀመሪያ የሚወቀሰው ዕቃው ነው። ከዕቃው በፊት ግን ሽቦው መመርመር አለበት። ምርመራውም ፖላሪቲንና ፌዝን ካልለየ ችግሩን ይስታል።

ፖላሪቲ የአቅጣጫ ጉዳይ ነው። ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር ሲያያዝ የሁለቱ ስፒከሮች ወረቀት አብሮ ይወጣል፤ አብሮም ይገባል። የአንደኛው ሽቦ ከተገለበጠ አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል። ጉዳቱ በቤዝ ላይ የሚበረታው በሞገዱ ርዝመት የተነሣ ነው። ድምፅ በሰከንድ 345 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ የ50 ኸርዝ ሞገድ 7 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ሁለት ሜትር የተራራቁ ስፒከሮች ለእንዲህ ያለው ሞገድ አንድ ቦታ እንዳሉ ያህል ናቸውና አንዱ የሌላውን ድምፅ ያጠፋል። የከበሮው ምት ይሳሳል፤ ከመሐል መሰማት የነበረበት ዘፋኝም ከየት እንደሚዘፍን አይታወቅም።

ፌዝ የጊዜ ጉዳይ ነው፤ መጠኑም በፍሪኩዌንሲው ይለያያል። ከዋናው ስፒከር ይልቅ ከአድማጩ በ1.7 ሜትር ያህል ርቆ የተቀመጠ ሰብዉፈር (የቤዝ ስፒከር)፣ ከዋናው ስፒከር ጋር ሲነጻጸር በ100 ኸርዝ 180 ዲግሪ፣ በ50 ኸርዝ ግን 90 ዲግሪ ያህል ይዘገያል። ከጀርባው ያለው «0/180» ማብሪያ «ፌዝ» ቢባልም የሚገለብጠው ፖላሪቲን ነው፤ መዘግየቱን አያስቀርም። ጠጋኞችም ይህን ልብ ይበሉ፦ ድምፁን በዉፈር (የወፍራም ድምፅ ስፒከር) እና በትዊተር (የቀጭን ድምፅ ስፒከር) የሚያከፋፍልና በኦክታቭ 12 ዲሲቤል የሚቀንስ ክሮስኦቨር በመገናኛው ፍሪኩዌንሲ የ180 ዲግሪ ልዩነት ስለሚፈጥር፣ ትዊተሩ ሆን ተብሎ ተገልብጦ የሚያያዝበት ካቢኔት ብዙ ነው። እሱን «ማስተካከል» ማበላሸት ነው።

ሁለቱም ስፒከሮች አብረው ቢገለበጡስ? ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1863 የድምፅ ቃና በፌዝ አይወሰንም ብሎ ነበር፤ ተመራማሪዎቹ ሊፕሺትዝ፣ ፖኮክና ቫንደርኩይ በ1982 ባሳተሙት ጥናት ግን የሁለቱም መገልበጥ የሚያመጣው ልዩነት በተመረጡ ድምፆች ላይ እንደሚሰማ አሳይተዋል። በእኔ ግምት ይህ ለቤት አድማጭ ሁለተኛ ጉዳይ ነው። የአንዱ ብቻ መገልበጥ ግን ቸል የሚባል አይደለም።

መፈተኛው ቀላል ነው። አምፕሊፋየሩን አጥፍቶ የአንዱን ስፒከር ሽቦ ማገላበጥ፣ ከዚያ በሞኖ ማዳመጥ፤ ቤዙ የሞላበትና ዘፋኙ መሐል የቆመበት አያያዝ ትክክል ነው። ከአምፕሊፋየር የተነቀለ ዉፈርን በ1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት መንካትም ይቻላል፤ የባትሪው ፖዘቲቭ ቀዩን ሲነካ ወረቀቱ በአብዛኛው ወደ ውጭ ይገፋል። የታይዋን ገበያ ነጋዴዎችና ገጣጣሚዎች ይህን ሙከራ ዕቃው ከሱቅ ሳይወጣ በገዢው ፊት ቢያደርጉት መልካም ነው፤ ገዢውም ይጠይቅ።