አሰብ፦ በቀብድ የተጀመረ ግዛት

ሩሲያ በ1867 (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አላስካን በ7.2 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ ስትሸጥ ውሉን የተዋዋሉት ሁለት መንግሥታት ነበሩ። በአላስካ የሚኖሩትን ሕዝቦች የጠየቃቸው ባይኖርም፣ የተሸጠው የግዛት ሥልጣን መሆኑ ግልጽ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በአሰብ የተፈጸመው ግዢ ግን ሌላ መልክ አለው። የታሪክ ጸሐፊዎቻችን እንደ መቅድም ጠቅሰው የሚያልፉት ይህ ውል ራሱን ችሎ መመርመር ያለበት ይመስለኛል።

ኖቬምበር 15 ቀን 1869 ጁሴፔ ሳፔቶ የተባለ ጣሊያናዊ፣ ቀድሞ በኢትዮጵያ በሚሲዮናዊነት የኖረ ሰው፣ ከሁለት ወንድማማች የአፋር ባላባቶች፣ ከሐሰንና ከኢብራሂም ቢን አሕመድ ጋር ተዋዋለ። ዋጋው 6,000 የማርያ ቴሬዛ ብር ሲሆን፣ ሳፔቶ 250 ብር ቀብድ ከፈለ። ቤት ወይም በሬ የሚገዛ ሰው እንደሚያደርገው ማለት ነው። ከሁለት ቀን በኋላ የስዊዝ ቦይ ተመረቀ። በቀይ ባሕር የሚመላለሱ የእንፋሎት መርከቦች ከሰል የሚጭኑበት ወደብ ያሻቸው ነበርና፣ ጥድፊያው ያለ ምክንያት አልነበረም።

በ1870 ሩባቲኖ የተባለው የመርከብ ኩባንያ በገዢነት ቀረበ። ከበስተጀርባው የጣሊያን መንግሥት ነበር። የባሕር ዳርቻው የእኔ ነው የምትለው ግብፅ ተቃወመች፤ ጣሊያንም ጉዳዩ የአንድ ነጋዴ ድርጅት የግል ንብረት ነው ለማለት የሚያስችል ሽፋን አገኘች።

ዋናው ጥያቄ ባላባቶቹ የሸጡት ምንድን ነው የሚለው ነው። በአፋር ሥርዓት መሬት የጎሳ የጋራ ሀብት ነው፤ ባላባቱ ያስተዳድረዋል እንጂ እንደ ግል ጥሪቱ ቆርሶ አይሸጠውም። ከባዕድ ገንዘብ ተቀብሎ እንዲሰፍር መፍቀድና የጎሳን መሬት ለዘላለም አሳልፎ መስጠት ለየቅል ናቸው። ውሉን በግል ሕግ ዓይን እንኳ ብናየው፣ ይዞታን ያስተላልፍ ይሆናል እንጂ ሉዓላዊነትን አያስተላልፍም።

ሉዓላዊነት የመጣው በሌላ ሽያጭ ነው። በ1882 ሩባቲኖ አሰብን በ416,000 ሊሬ ለጣሊያን መንግሥት አስተላለፈ፤ የጁላይ 5 ሕግም ቦታውን የጣሊያን ቅኝ ግዛት አደረገው። በዚህ ውል ሻጩም ገዢውም ጣሊያናዊ ነበር፤ የአፋር ባላባቶች ከተዋዋዮቹ ወገን አልነበሩም።

በፌብሩዋሪ 1885 የጣሊያን ጦር ምጽዋ ሲገባ ቀብድ የከፈለ አልነበረም።