ገዳምና ምኅዳር፦ የቤተ ክርስቲያናችን ደን ታሪክ ምን ያስተምረናል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጀርመናዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ኤርንስት ሄክል እ.ኤ.አ. በ1866 ሕያዋን ፍጥረታት እርስ በርሳቸውና ከአካባቢያቸው ጋር ያላቸውን ግንኙነት ለሚያጠናው ትምህርት ስም ሲያወጣ፣ መነሻ ያደረገው «ኦይኮስ» የሚለውን የግሪክ ቃል ነበር፤ ትርጉሙም «ቤት» ማለት ነው። እኛ ይህንኑ ትምህርት ሥነ ምኅዳር እንለዋለን። ምኅዳር «ኀደረ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ሲሆን ማደሪያ ማለት ነው። የሁለቱም ቋንቋ ቃል አንድ አሳብ ይዟል፤ ዓለም ቤት ናት፣ ፍጥረታትም በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ቤተሰቦች ናቸው።

በሥነ ፍጥረት ትምህርታችንም የምናገኘው ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው። ዕፅዋት በዕለተ ማክሰኞ ተፈጠሩ፤ በባሕር የሚኖሩትና በክንፍ የሚበሩት በዕለተ ሐሙስ፣ የየብስ እንስሳት በዕለተ ዐርብ ተከተሉ። ሰው የመጣው ቤቱ ተሰናድቶ ካለቀ በኋላ ነው። አባቶቻችን የሰው ሥጋ ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት የተገኘ ነው ብለው ሲያስተምሩም፣ በዙሪያችን ያለው ሁሉ ከእኛ የራቀ ባዕድ እንዳልሆነ እየነገሩን ነው።

ለመሆኑ «ገዳም» የሚለው ቃል በግእዝ ዱርንና ምድረ በዳን እንደሚያመለክት ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁን? የዱር አራዊትን «አራዊተ ገዳም» የምንላቸው ስለዚህ ነው። መነኮሳት ዱሩን ማደሪያቸው ቢያደርጉት የዱሩ ስም የማደሪያቸው ስም ሆነ። በገጠር ያሉ አባቶችም ዛፍ የሌለው ደብር ልብስ እንደሌለው ሰው ነው ሲሉ ይሰማሉ።

ይህ ልብስ ግን ለጌጥ ብቻ የተሠራ አይደለም። በአንድ የደጋ ደብር ዐጸድ የቆመውን ደን እንመልከት። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባውና ዋንዛው ከፀሐይ ብርሃን፣ ከአየርና ከውኃ ምግባቸውን ያዘጋጃሉ። ከእነርሱም ጉሬዛው ቅጠሉን፣ ወፉ ፍሬውን፣ ንቧ የአበባውን ወለላ ትወስዳለች። ወፉ የበላውን የዋንዛ ዘር ሌላ ቦታ ይጥለዋል፤ ንቧም ከአበባ ወደ አበባ ስትዞር ዛፉ ፍሬ እንዲይዝ ታደርጋለች። ሾላማ የራሱ የሆነች ጥቃቅን ተርብ አለችው፤ ያለ እርሷ ዘር አይሰጥም፣ እርሷም ያለ ሾላው ፍሬ ማደሪያ የላትም። የረገፈውን ቅጠል ደግሞ ምስጥ፣ ፈንገስና በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን አብስብሰው ወደ አፈር ይመልሱታል። አፈሩ ዝናቡን እንደ ሰፍነግ ይይዝና ለምንጩ ቀስ እያለ ያወጣዋል። ሕያዋኑና ግዑዛኑ እንዲህ ተሳስረው የሚኖሩበት ሥርዓት ሥርዓተ ምኅዳር ይባላል። እኛም ከዚሁ ሰንሰለት ውጪ አይደለንም፤ በቅዳሴ ጊዜ የምናበራው ጧፍ ከንቧ ሰም፣ በማኅሌት የምንመታው ከበሮም ብዙ ጊዜ ከዋንዛ ግንድ የሚገኝ ነውና።

ታሪኩን ስናይ ከጣና ባሕረ ገብ መሬት ከዘጌ መጀመር ይገባል። በዘጌ ገዳማት ትውፊት መሠረት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ለሦስት ከፍለው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ። ሕዝቡም በዚያ ምድር በበሬ እንዳያርስና ከብት እንዳያረባ ታዘዘ። በዚህም ምክንያት የዘጌ ሰው ለብዙ ዘመን የኖረው በደኑ ጥላ ሥር የሚበቅለውን ቡና፣ ጌሾና ፍራፍሬ እየለቀመ ነው። ትውፊቱን በሥነ ምኅዳር ዓይን ብናየው ጥበቡ ይገለጣል። ቡና በተፈጥሮው ጥላ የሚወድ ተክል ስለሆነ ኑሮውን በቡና ላይ የመሠረተ ሰው ዛፉን የሚቆርጥበት ምክንያት አይኖረውም፤ ማረሻና የከብት ኮቴ ከሌሉም የወደቀው ዘር ለመብቀል ዕድል ያገኛል።

የተቀረው የሰሜን ደጋ ግን በማረሻ የሚኖር ነው። ገበሬው ልጆቹን ለመመገብ ዛፉን መንጥሮ አረሰ፤ በዚህም ሊወቀስ አይገባም። «ከመቶ ዓመት በፊት የሀገሪቱ 40 በመቶ ደን ነበር» የሚለውን በየመድረኩ የምንሰማውን አባባል የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን መርምረው ጠንካራ ማስረጃ እንደሌለው አሳይተዋል። የምንጣሮው ታሪክ ከዚያ በእጅጉ የቆየ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከአውሮፕላን ያነሷቸው ፎቶግራፎችም ለዚህ ምስክር ሆነዋል። በደቡብ ጎንደር ያሉ የቤተ ክርስቲያን ደኖችን እ.ኤ.አ. በ1938 ከተነሱት ፎቶግራፎች ጋር ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች፣ ደኖቹ በአብዛኛው በነበሩበት ቦታ ጸንተው እንደቆዩ፣ ዙሪያቸውን እንደ አጥር ከብቦ የነበረው ቁጥቋጦ ግን ወደ እርሻና ግጦሽ እንደተለወጠ ተመልክተዋል።

በመካከሉ ሁለት ታላላቅ ለውጦች አልፈዋል። የመጀመሪያው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር ለማቃለል የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ስለሚያድግና ገንዘብ ስለሚያስገኝ ከጊዜ በኋላ ወደ አንዳንድ ደብሮች ዐጸድ ዘልቋል። ሁለተኛው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ነው። ቤተ ክርስቲያን በዙሪያዋ የነበራትን መሬት ስታጣ የቀራት ዐጸዷ ነበር፤ ደኑም ከእርሻ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ። ትንሽ ደን ዙሪያው ሲገለጥ ነፋስና ፀሐይ ከዳር ወደ ውስጥ ይገቡበታል፤ እርጥበቱ ይቀንሳል፣ ከዳር ያሉት ዛፎችም ይዳከማሉ።

ብዙዎቻችሁ «እመጓ» በተሰኘው መጽሐፋቸው የምታውቋቸው የደን ሥነ ምኅዳር ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናትን አጥንተው በዐጸዶቻቸው 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፅዋት አግኝተዋል። ይህ ደስ ያሰኛል። ሌላው ግኝት ግን ያስጨንቃል። በደኖቹ አፈር ውስጥ የተቀበረው ዘር ሲመረመር የሣርና የቅጠላ ቅጠሉ በዝቶ፣ የዛፎቹ እጅግ ጥቂት ሆኖ ተገኘ። የአብዛኞቹ ነባር ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ለዓመታት ተቀብሮ አይቆይም ማለት ነው። እናቲቱ ዛፍ ሳትተካ ከወደቀች በአፈር ውስጥ ያኖረችው ቅርስ የለም። ከብት በሚገባበት ደን ደግሞ የበቀለው ችግኝ ይረገጣል፣ ይበላል። ለዚህም ነው አንዳንድ ደብሮች በዙሪያቸው የድንጋይ ካብ መካብ የጀመሩት።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፣ ነገሩን እናስተውል። ለቤተ ክርስቲያን ያለን አክብሮት ትልቁን ዛፍ ከመጥረቢያ አድኖታል፤ ችግኙን ግን ገና አላዳነውም። ሽማግሌዎች ብቻ ቀርተው ልጅ የማይወለድበት መንደር ዛሬ ሰላማዊ ቢመስልም ነገ የለውም። ሰንበት ትምህርት ቤት ለምን እንደተመሠረተ ለምናውቅ ለእኛ ይህ ምሳሌ ሩቅ አይደለም፤ ሕፃናት የማይተኩበት ማኅሌት እንዴት እንደሚሆን እናውቃለንና።

ስለዚህ ለንግሥ በዓል ዐጸድ ለማጽዳት ስንወጣ ማጭዱን ከማንሣታችን በፊት «ቁጥቋጦ» ያልነውን ጎንበስ ብለን እንየው፤ የወይራ ወይም የጽድ ልጅ ሊሆን ይችላል። ከዛፎች ሥር የተነጠፈውንም ቅጠል ጠርገን አናቃጥለው፤ የነገው አፈር እርሱ ነው። የየዛፉን ስም ከሚያውቁ አረጋውያን ጠይቀን እንመዝግብ። ዘሩን ከደኑ ራሱ ለቅመን ችግኝ እናፍላ፤ የተከልነውንም ከከብት እናጥር። አዲስ አዳራሽ ወይም መካነ መቃብር ሲታቀድ የሰበካ ጉባኤያችን ቦታውን ከዛፎቹ አንጻር እንዲመለከተው በትሕትና እናሳስብ።

አዳም በገነት ሲኖር የተሰጠው ሥራ ማበጃጀትና መጠበቅ ነበር። የእኛም ድርሻ ከዚህ አይለይም። ዛሬ በጥላው የምናስቀድስበትን ዛፍ የተከለው ወይም ያሳደገው ስሙን የማናውቀው አንድ አባት ነው፤ እርሱ ጥላውን ሳያይ አልፏል። እኛም ጥላውን ለማናይለት ችግኝ እንድንደክም አምላከ ቅዱሳን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።