በደጋን መንገድ ስላለፈው እህልና ስለ ኦክስፋም መነሻ

በ1935 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ መስከረም 25 ቀን፣ ዓለም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እሳት ስትነድ፣ በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ከተማ፣ በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን አሮጌ ቤተ መጻሕፍት ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው ስለ ግሪክ ሕዝብ ረኃብ መከሩ። ኋላ ኦክስፋም ተብሎ የታወቀውን ይህን ማኅበር ካቋቋሙት መካከል የደብሩ አለቃ ቀሲስ ሚልፎርድ፣ የጥንት የግሪክ መጻሕፍትን የተረጐሙት ሊቅ ጊልበርት መሬይ፣ ከኩዌከሮች ወገንም ሐኪሙ ሄንሪ ጊሌት ይገኙበታል። ኩዌከሮች ራሳቸውን የወዳጆች ማኅበር ብለው የሚጠሩ፣ ካህን ሳይሾሙ በጽሞና ተቀምጠው የሚጸልዩ፣ ከጥንት ጀምሮም ጦር መሣሪያ አናነሣም ብለው ብዙ መከራ የተቀበሉ ክርስቲያኖች ናቸው።

ግሪክን ያን ጊዜ ከያዟት አንዱ፣ በኅዳር ወር 1928 ዓ.ም. ደሴን በቦምብ የደበደበው የኢጣልያ ጦር ነበረ፤ እንግሊዞችም ጠላታቸውን ለማድከም ሲሉ ባሕሩን በመርከብ ዘግተው ስለ ነበር፣ የእህሉ ማለቅ ሕፃኑንና አረጋዊውን ከወታደሩ አስቀድሞ ገደለ። እነዚያ ሰዎች በጦርነት መካከል የገዛ መንግሥታቸውን ጠላት በያዘው ምድር ላሉ ረኃብተኞች መንገድ ክፈት ብለው መለመናቸው፣ በእኔ ግምት፣ ኋላ ከሰበሰቡት ወርቅና ብር ሁሉ ይበልጣል።

በ1966 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ የወሎ ገበሬ አስቀድሞ ከብቱን፣ ቀጥሎ የቤቱን እቃ ሸጦ፣ ሁሉም ባለቀ ጊዜ ልጁን አዝሎ ወደ አውራ ጎዳናው ወረደ፤ መንግሥትም ነገሩን ሸሸገው። ጥቅምት 8 ቀን ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ ጋዜጠኛ በወሎ ያነሣውን ፊልም የእንግሊዝ ሕዝብ በቴሌቪዥን ባየ ጊዜ ኪሱን ፈታ፤ ኦክስፋምም ለወሎ እርዳታ ካቀረቡት አንዱ ሆነ።

ዐሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ፣ በ1977 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ በልጉም ክረምቱም ከድቶ፣ በሰሜን የሚካሄደውም ጦርነት መንገዱን ቆርጦ፣ ሰባ ሰባት ተብሎ የሚታወሰው እልቂት መጣ። ከአሰብ ወደብ የተነሣው እህል በሚሌ በኩል የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ ባቲ ይወጣና በደጋን አልፎ ወደ ኮምቦልቻ ይደርስ ነበር። በቃሉ ወረዳ ያለችው ደጋን፣ ተሳቢ የሚጎትቱ የጭነት መኪናዎች ስንዴ ጭነው ሽቅብ ሲያልፉባት፣ ከመንገዱ ዳር ደግሞ ወደ ባቲ መጠለያ የሚያዘግመው እግረኛ ሲያልፍባት አየች፤ በየመንደሩም ቅሬ የሚባለው የቀባሪዎች ማኅበር ሬሳ ለማንሣት ጉልበት አጣ።

በዚያ ወራት ኦክስፋም እህል ገዝቶ በመርከብ ከመስደዱ በላይ፣ ብዙ ሰው ልብ ያላለውን ሥራ ሠራ፤ እርሱም ውኃ ነው። ብዙ ሺህ ሕዝብ በአንድ ሜዳ በሰፈረበት ቦታ ተቅማጥ እንደ ረኃብ ይገድላልና፣ የማኅበሩ ሠራተኞች እየተፈታታ የሚጫን፣ ቆርቆሮው እንደ ማዕበል የተሸበሸበ ክብ ገንዳ አምጥተው፣ ቅጠሎቹን በቡሎን እያጋጠሙ ያቆሙትና ውስጡን በወፍራም ጎማ ያለብሱት ነበር፤ ከዚያም ውኃው በቧንቧ ወርዶ፣ እናቶች በተራ ቆመው እንስራቸውን ይሞሉበታል። ይህ ነገር ትንሽ የሚመስለው ሰው ካለ፣ ስንዴ ተሰፍሮላት ሳለ ልጇ በቆሸሸ ውኃ የሞተባትን እናት ያስብ።

መጠለያው ከተዘጋ በኋላም ማኅበሩ ወሎን አልተወም፤ በደላንታና በዳውንት ደጋ፣ መኪና በጭንቅ በሚደርስበት አገር፣ ከገበሬው ጋር ለብዙ ዓመታት ሠራ። ድኻ ወደ ጎዳና ሳይወጣ በቀዬው እንዲረዳ ማድረግ ከሁሉ የተሻለ ምጽዋት መሆኑን፣ በመጠለያ የተለቀሙ ወላጅ አልባ ሕፃናትን ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

ነገር ግን ጦርነት የእህልን መንገድ መዝጋቱን አልተወም። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጠብ በተነሣ ጊዜ አሰብ ተዘጋችብን፤ የባሕር ጭነትም ከጅቡቲ በሚሌ ዞሮ፣ ዳግመኛ በባቲና በደጋን ያልፍ ጀመር። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በትግራይ የተነሣው ጦርነት ራሱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ ለተፈናቃዩ የተከማቸው ምግብ በኮምቦልቻ መጋዘን ተዘርፎ፣ በኅዳር ወር መጨረሻ የዓለም ምግብ ፕሮግራም በሁለቱ ከተሞች እደላውን አቋረጠ።